«ፀረ» ወይስ «ገቺ»? የኢንዛይሞችና የተፈጥሮ ገቺዎቻቸው ጣምራ ዝግመተ ለውጥ ከስያሜ ታሪክ አንጻር

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ለሳይንስ ቃል ግን ስም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ያም ሰው ስሙን የሚያወጣው ነገሩን ባየበት ጊዜ በነበረው ዕውቀት ልክ ነው። ዕውቀቱ እያደር ሲሰፋና ሲታረም ስሙ ግን እንደ ወጣ ይቀራል። አንዳንዱ ስም ከዕውቀት ወደ ኋላ ቢቀርም ጉዳት አያመጣም፤ አንዳንዱ ግን ተማሪውን ከመነሻው ወደ ተሳሳተ ሐሳብ ይመራዋል። ቃሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም ደግሞ ስሕተቱ ይብስ እንደሆነ እንጂ አይቀንስም።

ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነን በአጥቢ እንስሳት ሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ኢንዛይሞችና እነርሱን የሚገቱት የተፈጥሮ ፕሮቲኖች የስያሜ ታሪክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለት ነው። አንደኛው እነዚህ ጥንዶች በረዥም ዘመን ውስጥ አንዱ ሌላውን እየተከተለ እንዴት እንደ ተለወጡ ባጭሩ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ለአማርኛ የሚስማማውን ቃል መምረጥ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከብቅል እስከ ኢንዛይም

በ1833 ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከብቅል ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር አወጡ። ብቅል ድፍድፉን እንደሚያጣፍጥ ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ የሁለቱ ሊቃውንት ድርሻ የብቅሉን ኀይል ከብቅሉ ለይቶ ማውጣት ነበር። ለዚህም ነገር «ዲያስቴዝ» የሚል ስም ሰጡት። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጕሙ «መለያየት» ነው። እንዲህ ያሉትም ነገሩ የስታርቹን ውስጠኛ ክፍል ከሽፋኑ የሚለያይ ስለ መሰላቸው ነው። ዛሬ ሥራው መለያየት ሳይሆን የስታርችን ረዥም ሰንሰለት መቈራረጥ መሆኑ ታውቋል። ሆኖም የዚያ ስም መድረሻ «ኤዝ» እስከ ዛሬ ድረስ ለአብዛኞቹ ኢንዛይሞች የስም መድረሻ ሆኖ ያገለግላል።

ከዚያ በኋላ በ1836 ቴዎዶር ሽቫን ከጨጓራ ያገኘውን «ፔፕሲን» ብሎ ጠራ። በ1876 ደግሞ ቪልሄልም ኪውነ ከቆሽት የሚመነጨውን ፕሮቲን ሰባሪ «ትሪፕሲን» ካለ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሁሉ የጋራ መጠሪያ ይሆን ዘንድ «ኢንዛይም» የሚለውን ቃል ፈጠረ። ትርጕሙ «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው። አንባቢ እንደሚገነዘበው ትሪፕሲን ከእርሾ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ የቃሉ ሥር የዘመኑን ክርክር የሚያስታውስ ነው እንጂ የነገሩን ጠባይ አይገልጥም።

አማርኛ «ኢንዛይም» የሚለውን ሳይተረጕም በድምፁ መውሰዱ መልካም ሆኖለታል። ያማርኛ ተናጋሪ ጆሮ በቃሉ ውስጥ እርሾን ስለማይሰማ የድሮው አሳብ አያስቸግረውም። ችግሩ የሚነሣው የምንተረጕመው ቃል ላይ ነው።

2. «ፀረ» የሚለው ስያሜ አመጣጥ

የደም ውሃ የትሪፕሲንን ሥራ እንደሚያዳክም ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ዘመኑ ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 የመንጋጋ ቆልፍን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር በደም ውስጥ ማግኘታቸውን ያስታወቁበት ዘመን ነው። በዚያን ጊዜ «አንቲ» የሚለው የግሪክ መነሻ በሕክምና ቋንቋ ውስጥ እጅግ ተስፋፋ። ደም መርዝን የሚያከሽፍበት ነገር «አንቲቶክሲን» ከተባለ፣ ትሪፕሲንን የሚገታበትም «አንቲትሪፕሲን» ቢባል በዘመኑ የሚያስገርም አልነበረም።

ነገሩ በንጹሕ መልኩ የተገኘው ግን ዘግይቶ ነው። ኩኒትስና ኖርዝሮፕ በ1936 ከበሬ ቆሽት ትሪፕሲንን የሚገታ ፕሮቲን በብርጭቆ መሰል ቅንጣት መልክ አወጡ፤ በ1948 ካዛል ከዚሁ ብልት ሌላ ዓይነት ገቺ አገኘ። ከደም የሚገኘውን ደግሞ ሹልትሰ የተባለው ጀርመናዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1955 ለይቶ ካወጣው በኋላ በ1962 «አልፋ 1 አንቲትሪፕሲን» ተባለ። «አልፋ 1» የተባለው ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኀይል ሲለያዩ በሚቆምበት ስፍራ ነው፤ «አንቲትሪፕሲን» የተባለው ደግሞ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ትሪፕሲንን ሲገታ ስለ ታየ ነው።

ስሙ በወጣ በዓመቱ የስሙ ጉድለት ታየ። በ1963 በስዊድን አገር በማልመ ከተማ ላውሬልና ኤሪክሶን የብዙ ሰዎችን የደም ውሃ ሲመረምሩ የአልፋ 1 ስፍራ ባዶ የሆነባቸው 5 ሰዎች አገኙ፤ ከእነዚህም 3ቱ ገና በጕልምስና ዕድሜ ሳንባቸው የተጐዳ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ትሪፕሲን ሥራው በአንጀት ውስጥ ነው፤ ገቺው ሲጠፋ ሳንባ የሚጐዳው ለምንድን ነው? መልሱ የፕሮቲኑ ዋና ሥራ ትሪፕሲንን መግታት አለመሆኑ ነው። ዋና ሥራው ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያወጡትንና የሳንባን ተለጣጭ ክሮች የሚበላውን ኤላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም መግታት ነው። ኤላስቴዝን ከትሪፕሲን ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ይይዘዋል። በዚህ መሠረት ስሙ ወደ አንጀት ሲያመለክት በሽታው በሳንባ ተገኘ።

ስያሜው ወደ አማርኛ ቢተረጐም ሁለተኛ ችግር ይጨመርበታል። የግሪኩ «አንቲ» «ፊት ለፊት፣ በአንጻሩ» የሚል ሰፊ ትርጕም አለው። የእኛው «ፀረ» ግን ከግእዙ «ፀር» የመጣ ነው፤ ፀር ደግሞ ጠላት ማለት ነው። «ፀረ ትሪፕሲን» የሚለውን የሚያነብ ተማሪ በልቡናው የሚሥለው ከውጭ የመጣ ባላጋራን ነው። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ካዛል ያገኘውን ገቺ ብንወስድ ትሪፕሲንንም ገቺውንም የሚሠራቸው ያው አንድ የቆሽት ሕዋስ ነው። ኢንዛይሙ ገና አንጀት ሳይደርስ ያለ ጊዜው ሥራ ቢጀምር ገቺው ይይዘዋል። ይህ ሚዛን ሲፋለስ ቆሽት ራሱን መፍጨት ይጀምራል። በ1996 በትሪፕሲን ዘረ መል ላይ የሚደርስ ለውጥ፣ በ2000 ደግሞ በገቺው ዘረ መል ላይ የሚደርስ ለውጥ የቆሽት ብግነት እንደሚያስከትል ታወቀ። «ቆሽቱ አረረ» የሚለው ያማርኛ ፈሊጥ ንዴትንና ብስጭትን ለመግለጥ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህ በሽታ ቃል በቃል የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። ይህን ከማረር የሚጠብቀው የኢንዛይሙ ጠላት ሳይሆን የኢንዛይሙ ልጓም ነው።

3. ባላንጣውን የሚለውጥ ገቺ

እስከዚህ ያየነው የአንድ ስም ስሕተት ቢሆን ኖሮ ስሙን አርሞ ማለፍ በተቻለ ነበር። «አንቲትሪፕሲን» በማለት ፈንታ «አንቲኤላስቴዝ» ብንለው ነገሩ ይቀና ይመስላል። ነገር ግን የአጥቢ እንስሳት ዝግመተ ለውጥ ታሪክ እንደሚያሳየን ገቺን በተገቺው ስም መጥራት ከመሠረቱ አስተማማኝ አይደለም፤ ምክንያቱም ተገቺው ይለዋወጣል።

ይህን ለመረዳት የገቺውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የአንቲትሪፕሲን ወገን የሆነ ፕሮቲን ካካሉ ወጣ ያለ አንድ ቀለበት አለው፤ ይህን ማጥመጃ ልንለው እንችላለን። ኢንዛይሙ ምግቡን ያገኘ መስሎት ማጥመጃውን ሲቆርጥ ቀለበቱ በድንገት ወደ ፕሮቲኑ ውስጥ ይገባል፤ ኢንዛይሙንም ከአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላው ይወረውረውና ቅርጹን አበላሽቶ ያስቀረዋል። ይህ አሠራር በ2000 በታተመ የቅርጽ ጥናት ተረጋግጧል። ወጥመዱ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገቺውም ተገቺውም አብረው ይጠፋሉ። የትኛው ኢንዛይም እንደሚጠመድ የሚወስነው በማጥመጃው ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ነው።

አንድ አሚኖ አሲድ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በ1983 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ያሳያል። በአሜሪካ አገር በፒትስበርግ በተገኘ አንድ ወጣት ደም ውስጥ የአንቲትሪፕሲን 358ኛው አሚኖ አሲድ ሜቲዮኒን መሆኑ ቀርቶ አርጊኒን ሆኖ ነበር። በዚህች አንዲት ለውጥ ምክንያት ፕሮቲኑ ኤላስቴዝን መግታት ትቶ ደምን የሚያረጋውን ትሮምቢንን የሚገታ ሆነ። ወጣቱም በ14 ዓመቱ ደም ፈሶት ሞተ። ከ394 አሚኖ አሲዶች 393ቱ እንዳሉ ሳሉ የአንዱ መለወጥ የፕሮቲኑን ሥራም ባላንጣውንም ለወጠ።

በአንድ ሰው ላይ ጥፋት የሆነው እንዲህ ያለ ለውጥ በረዥም ዘመን ውስጥ ለዝርያዎች የመኖሪያ ዘዴ ሊሆን ይችላል። የአይጥና የሰው ደም ሲነጻጸር ይህ ግልጽ ይሆናል። በ1982 በአይጥ ደም ውስጥ ትሪፕሲንን የሚገታ አንድ ፕሮቲን ተገኝቶ «ኮንትራፕሲን» ተባለ። በ1984 ሮበርት ሂልና ባልደረቦቹ ሲመረምሩት በሰው ዘንድ የቅርብ ዘመዱ «አንቲካይሞትሪፕሲን» የሚባለው ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። አካላቸው ተመሳሳይ ነው፤ ማጥመጃቸው ግን የተለያየ በመሆኑ የሚይዙት ኢንዛይም የተለያየ ነው። ሁለቱም በባላንጣቸው ስም ስለ ተጠሩ ስማቸውን ብቻ የሚያይ ሰው ዝምድናቸውን ሊጠረጥር አይችልም።

ሂልና ኒኮላስ ሄስቲ በ1987 አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። የእነርሱን ግኝት ለመረዳት ከፊደላችን አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። «ሠራ» የሚለውን «ሰራ» ብለን ብንጽፈው ፊደሉ ይለወጣል እንጂ ንባቡ አይለወጥም፤ «ሠራ»ን «ጠራ» ብንለው ግን ቃሉ ሌላ ይሆናል። በዘረ መል ላይም እንዲሁ አሚኖ አሲዱን የማይለውጥ ለውጥና የሚለውጥ ለውጥ አለ። በአብዛኞቹ ፕሮቲኖች የመጀመሪያው ዓይነት ይበዛል፤ ሁለተኛው ሥራን ስለሚያበላሽ ተፈጥሮ ያስወግደዋል። ዋናው የሥራ ቦታማ ከሌላው ክፍል ይልቅ ሳይለወጥ የሚቆይ ነው። በእነዚህ ገቺዎች ላይ ግን የተገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የተፋጠነ ለውጥ የታየው ዋናው የሥራ ቦታ በሆነው በማጥመጃው አካባቢ ነው። ከዚህ የምንረዳው ተፈጥሮ በዚያ ስፍራ ለውጥን መታገሥ ብቻ ሳይሆን መምረጧንም ነው።

ለዚህ መንገድ የሚከፍተው የዘረ መል መባዛት ነው። ሰው የአንቲትሪፕሲን ዘረ መል አንድ ብቻ ሲኖረው፣ በታወቀ አንድ የቤተ ሙከራ የአይጥ ዘር ዘንድ 5 ይገኛሉ፤ የአንቲካይሞትሪፕሲን ዘመዶች ደግሞ በአይጥ ዘንድ ከ10 ይበልጣሉ። አንዱ ቅጂ የቀድሞውን ሥራ ሲይዝ ሌሎቹ ማጥመጃቸውን እየለወጡ አዲስ ባላንጣ ለመያዝ ነጻነት ያገኛሉ። ሂልና ሄስቲ ለለውጡ መፋጠን ያቀረቡት ምክንያት የጥገኛ ተሕዋስያን ኢንዛይሞች ግፊት ነው፤ ጥገኛው ወደ ሰውነት ሲገባ የራሱን ኢንዛይም ይዞ ስለሚመጣ ገቺው እርሱንም መከተል ይኖርበታል። እንደዚህ ከሆነ ጨዋታው በሁለት ወገን ብቻ የሚካሄድ አይደለም፤ የቤቱ ኢንዛይም፣ የቤቱ ገቺና የእንግዳው ኢንዛይም ሦስቱም ይሳተፉበታል።

4. በኢንዛይሙ በኩል፦ የጉሬዛ ምስክርነት

ለውጡ በገቺው በኩል ብቻ አይደለም፤ ኢንዛይሙም ይለወጣል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ራይቦኑክሊዬዝ የተባለው አር ኤን ኤን የሚቈራርጥ ኢንዛይም ነው። በአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ውስጥ ይህን ኢንዛይም የሚገታ የፈረስ ኮቴ ብረት የመሰለ ቅርጽ ያለው ፕሮቲን አለ። ኮቤና ዳይዘንሆፈር ቅርጹን በ1993፣ ከኢንዛይሙ ጋር ተጣምሮ ያለበትን ሁኔታ በ1995 አሳይተዋል። በሁለተኛው ጥናት ገቺው የዐሣማ፣ ኢንዛይሙ የበሬ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱ ከሚታወቁት የፕሮቲን ጥምረቶች ሁሉ እጅግ ከጠበቁት መካከል በሚቆጠር ጥብቀት ተያይዘዋል። በአንጻሩ ይህ ገቺ የአንድ የሰሜን አሜሪካ እንቍራሪት ዘመድ ኢንዛይም ሲቀርብለት አይዘውም፤ የእንቍራሪቱ ኢንዛይም ወደ አጥቢ ሕዋስ ሲገባ ልጓም ስለሌለው ሕዋሱን ይገድለዋል። የዐሣማው ገቺ የበሬውን ኢንዛይም የሚይዘው አብረው ባለፉበት የዘር ታሪክ ምክንያት ነው።

የሚያመሰኩ እንስሳት ቆሽት በዚህ ኢንዛይም የበለጸገ ነው፤ በሆዳቸው ውስጥ የሚባዙትን ባክቴርያዎች አር ኤን ኤ ለመፍጨት ይጠቅማቸዋል። ቅጠል በልታ በሆዷ የምታብላላው ጉሬዛም ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት ተመሳሳይ መፍትሔ አግኝታለች። ጂያንጂ ዣንግ በ2006 ባሳተመው ጥናት መሠረት ጉሬዛ ከጥንታዊው የራይቦኑክሊዬዝ ዘረ መል በተጨማሪ ሁለት ቅጂዎች አሏት፤ ቅጂዎቹም አሲድ በበዛበት አንጀት ውስጥ የበለጠ እንዲሠሩ ሆነው ተለውጠዋል። ቅጠል በል በሆነ አንድ የእስያ ጦጣ ዘንድም በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ39ኛው ስፍራ ተመሳሳይ ለውጥ ተገኝቷል። 39ኛው ስፍራ በበሬው ኢንዛይም ላይ ገቺው ከሚነካቸው ነጥቦች አንዱ ነው። ኢንዛይም ሥራውን ሲለውጥ ከገቺው ጋር የሚገናኝበት ፊቱም አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ እንረዳለን።

እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት አለ። የዚህች እንስሳ ሳይንሳዊ ስም «ኮሎበስ ጉሬዛ» ነው። «ኮሎበስ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የተቈረጠ፣ ጐደሎ» ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣው ሰው የእንስሳዋን አውራ ጣት እንደ ጐደለ አካል ቈጥሮታል። «ጉሬዛ» ግን ኤድዋርድ ሩፔል አገራችንን ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ በ1835 ከሕዝቡ አፍ ወስዶ የጻፈው ቃል ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ይጠራል እንጂ አይፈርድም። ስለ እንስሳዋ የሚታወቀው ሁሉ ቢለወጥ «ጉሬዛ» የሚለው ስም አይሳሳትም።

5. የስያሜ ሐሳብ

የሳይንስ ሊቃውንትም የስያሜውን ችግር አይተው ሁለት ጊዜ ለማረም ሞክረዋል። ሃንትና ዴይሆፍ በ1980 አንቲትሪፕሲን፣ የደም መርጋትን የሚገታው አንቲትሮምቢንና በእንቍላል ውስጥ የሚገኘው ኦቫልቡሚን የአንድ ቤተ ሰብ አባሎች መሆናቸውን አሳዩ። በ1985 ካሬልና ትራቪስ ለቤተ ሰቡ «ሰርፒን» የሚል አጭር ስም አወጡለት። ይህም ቢሆን «ሴሪን የሚጠቀሙ ፕሮቲን ሰባሪዎች ገቺ» ከሚለው ሐረግ የተቀነጨበ ስለሆነ ባላንጣውን አልተወም፤ ኦቫልቡሚን ደግሞ የሚገታው ምንም ኢንዛይም የለም። ስለዚህ በ2001 አባሎቹ በዘር ግንዳቸው በፊደል እየተከፋፈሉ በቍጥር እንዲጠሩ ተወሰነ። ስያሜው ከባላንጣ ወደ ዝምድና ተሻገረ ማለት ነው።

በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ የአንድን ኢንዛይም ሥራ የሚያዘገይ ወይም የሚያቆም ማንኛውም ነገር «ገቺ» ቢባል፣ ሙሉ ስሙም «ኢንዛይም ገቺ» ቢሆን ተገቢ ነው። «ገታ» የሚለው ግሥ ፈረስን በልጓም ከመያዝ ጋር የተያያዘ ነው። ፈረሱን የሚገታ ሰው ፈረሱን የሚጠላ አይደለም፤ ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው እንዳይሮጥ የሚጠብቅ ነው። ይህ አገላለጽ ገቺው ማንን እንደሚገታ አስቀድሞ ስለማይወስን ባላንጣው ሲለወጥ አይረክስም።

ሁለተኛ፣ ኢንዛይሙን ይዞ ሳያበላሽ መልሶ የሚለቅ ገቺና እንደ ሰርፒን ዳግመኛ እንዳይሠራ አድርጎ የሚያስቀር ገቺ መለየት ያስፈልጋል። ለሁለተኛው «አምካኝ» የሚለው ይስማማል። «ገቺ» ጠቅላላው፣ «አምካኝ» ከእርሱ ሥር የሚውል ይሁን።

ሦስተኛ፣ «አንቲትሪፕሲን»፣ «አንቲትሮምቢን» የመሳሰሉት በዓለም የታወቁ ስሞች በድምፃቸው ይጻፉ፤ «ፀረ ትሪፕሲን» ተብለው አይተርጐሙ። በመዝገበ ቃላት ሲገቡ ግን ዋና ሥራቸው ከስማቸው እንደሚለይ በፍቺው ውስጥ ይገለጥ። ልጁ አንቲትሪፕሲን ስለጐደለው ሳንባው እንደሚጐዳ የሚነገረው አባት፣ ስሙ ወደ አንጀት ሐሳብ እንዳይወስደው የሚያስፈልገው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

አራተኛ፣ ሁለት ነገሮች አንዱ የሌላውን ለውጥ እየተከተለ አብረው የሚለወጡበት ሂደት «ጣምራ ዝግመተ ለውጥ» ቢባል ይሻላል። እዚህ ላይ «ዝግመት» የሚለው ቃል በራሱ አሳብ የያዘ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ዝግ ማለትን ያመለክታልና፣ በማጥመጃው ላይ የታየውን ፍጥነት ስንገልጥ «የተፋጠነ ዝግመተ ለውጥ» ማለት ግድ ይሆንብናል። ሆኖም ቃሉ በትምህርት ቤትም በጽሑፍም ሥር የሰደደ ስለሆነ መንቀል አያሻም፤ በፍቺው ውስጥ «ፍጥነቱ እንደየስፍራው የሚለያይ» የሚል ቢታከልበት ይበቃል።

አዲስ ቃል ስንፈጥር የምንጠይቀው ጥያቄ «ዛሬ ስለ ነገሩ ምን እናውቃለን?» የሚል ብቻ መሆን የለበትም። «ነገ ሌላ ብናውቅ ይህ ቃል ይሸከመዋልን?» ብለንም ልንጠይቅ ይገባል። «ፀረ ትሪፕሲን» በወጣ በዓመቱ መሸከም አቃተው፤ «ገቺ» ግን አይጡንም ሰውንም፣ ዐሣማውንም በሬውንም እኩል ይዞ ይዘልቃል።